የጤፍ ዋጋ በሶማሌ ተራም ያልፋል



ስለ እርሻና ስለ እህል ዋጋ ለመናገር ከሶማሌ ተራ መነሣታችን የሚያስገርማችሁ ትኖሩ ይሆናል። የአዲስ አበባ ሰው ሶማሌ ተራን የሚያውቀው በመኪና መለዋወጫ ነው። ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ የፈለገ ሁሉ ወደ መርካቶ ይወርዳል። ስፖኪዮው የተሰረቀበትም «ሶማሌ ተራ ሂድና የራስህን መልሰህ ግዛ» እየተባለ ይቀለድበታል። በሶማሌ ተራ ጤፍ አይሸጥም። ሆኖም በከተማችን የሚበላው እንጀራ ዋጋ በዚህ ሠፈር በኩል ያልፋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደብረ ማርቆስ ጤፍ የጫነ አይሱዙ መርካቶ እህል በረንዳ ለመድረስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ደጀንን አልፎ ወደ አባይ በረሃ ይወርዳል፤ ጎሐ ጽዮን ለመድረስ ደግሞ ያንኑ ያህል ዳገት ይወጣል። ቁልቁለቱ ፍሬን ይበላል፣ ዳገቱ ሞተርና ፍሪሲዮን ያደክማል፣ መንገዱ ጎማ ይጨርሳል። ባለ መኪናው ያለቀበትን ዕቃ የሚተካው ከሶማሌ ተራ ነው። ዕቃው ደግሞ በዶላር ተገዝቶ፣ በጅቡቲ ወደብ አልፎ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት የመጣ ነው። ዶላር ሲወደድ ጎማ ይወደዳል፤ ጎማ ሲወደድ የጭነት ኪራይ ይጨምራል፤ ኪራዩ በኩንታሉ ላይ ይታከላል። እዚያው ሶማሌ ተራ ከመኪና ሥር ተኝቶ ሲፈታና ሲያስር የዋለው መካኒክ ምሳውን ሲበላ፣ ጠዋት የገጠመውን የፍሬን ሸራ ዋጋ በእንጀራው ላይ መልሶ ይከፍላል።

በከተማ የምንኖር ሰዎች ከምናወጣው ገንዘብ ትልቅ ድርሻ የሚይዘው ምግብ ነው። ስለዚህ በዚህ ምርጫ ስለ እህል ዋጋ ምን እንደምናስብ የማወቅ መብት አላችሁ። እኛም የምናምነውን ሳንሸፋፍን እንናገራለን።

ገበሬውና ከተሜው ባላንጣ አይደሉም

ባለፉት ሃምሳ ዓመታት አገራችንን የገዙ መንግሥታት በአንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ ሲመሩ ኖረዋል። ይኸውም ከተሜው በርካሽ እንዲበላ ገበሬው በርካሽ መሸጥ አለበት፣ ገበሬው እንዲጠቀም ደግሞ ከተሜው መራብ አለበት የሚል ነው። በመካከላቸው ያለው ነጋዴ በሁለቱም ዘንድ ጠላት ተደርጎ ይቀርባል። ፓርቲያችን ይህን አስተሳሰብ አይቀበልም። አንድ ኩንታል ጤፍ ገበሬው ከሸጠበት ዋጋ ተነሥቶ እናንተ እስከምትገዙበት ዋጋ ድረስ ያለውን ልዩነት ስንመረምር፣ ብዙው የሚባክነው በመንገድ ላይ ነው። ይህን ብክነት በመቀነስ ገበሬው የተሻለ ዋጋ እንዲያገኝ፣ ከተሜውም በቀነሰ ዋጋ እንዲገዛ ማድረግ ይቻላል።

ታሪካችን ይህን በሚገባ ያስተምረናል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛው ከባለ ርስቱ ተላቀቀ። ብዙም ሳይቆይ ግን በባለ ርስቱ ቦታ መንግሥት ተተካ። የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን በየገበሬ ማኅበሩ ኮታ እየጣለ፣ ራሱ በወሰነው ዝቅተኛ ዋጋ እህል ይሰበስብ ነበር። ነጋዴው ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር እህል እንዳያዘዋውር በየመንገዱ ኬላ ቆመ። ኮታው ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ከተሜው በቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ በራሽን እህል ተሰጠው፤ የራሽኑ እህል ሲያልቅ ከጓዳ ወደ ጓዳ በድብቅ በውድ ገዛ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ቀረ፣ ኬላው ተነሣ። ያን ጊዜ ገበሬው የሚያገኘው ዋጋ ከፍ ሲል የከተማው ገበያም እህል በእህል ሆነ። ለሁለቱም የበጀው ያንኑ መንገድ መክፈት ነበር።

የ1994 ዓ.ም. በቆሎ

ምርት ብቻውን መፍትሔ እንደማይሆን ያየነው ደግሞ በ1994 ዓ.ም. ነው። ዝናብ ጥሩ ነበር፤ ገበሬው በብድር ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ወስዶ በብዛት አመረተ። በቆሎው ወደ ገበያ ሲወጣ ግን ዋጋው ወደቀ። የሚገዛው ነጋዴ የባንክ ብድር አልነበረውም፤ የሚያከማችበት መጋዘን አልነበረም፤ የት አካባቢ ምን ያህል እህል እንደሚፈለግ የሚነግር መረጃ አልነበረም። በቆሎውን ለማሳጨድ የሚያወጣው ወጪ ከሚሸጥበት ዋጋ ስለበለጠበት በእርሻ ላይ የተወው ገበሬ ነበር። የማዳበሪያ ዕዳው ግን አልቀረለትም፤ በሬውን ሸጦ ከፈለ። በተከታዩ ዓመት ገበሬው በማዳበሪያና በዘር ላይ ለማውጣት ፈራ። ዝናቡም ቀረ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የእርዳታ እህል ጠባቂ ሆነ።

በአንድ ዓመት ውስጥ በቆሎ የሚበላው አጥቶ ሜዳ ላይ ቀረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሕዝብ የሚበላው አጣ። ስለዚህ አንድ መንግሥት ይህን ያህል ሚሊዮን ኩንታል አመረትን እያለ በቴሌቪዥን ሲያውጅ፣ መራጩ መጠየቅ ያለበት እህሉ በየትኛው መጋዘን ተቀመጠ፣ በየትኛው መንገድ መጣ፣ ማንስ በምን ዋጋ ገዛው ብሎ ነው።

ከዚያ ቀውስ በኋላ የተሞከሩ በጎ ነገሮች መኖራቸውን አንክድም። የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 372 በ1996 ዓ.ም. ወጣ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ። ምርት ገበያው የታሰበው እንደ በቆሎና ስንዴ ላሉ የአገር ውስጥ እህሎች ነበር። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ግን ትኩረቱ የውጭ ምንዛሪ ወደሚያስገኙት ወደ ቡናና ሰሊጥ ዞረ። እናንተ የምትበሉት እህል ንግድ ዛሬም አብዛኛው በደላላ ቃልና በመተማመን የሚካሄድ ነው።

በደብዳቤ የወረደ ዋጋ የለም

በ1998 ዓ.ም. የእህል ዋጋ መጨመር ሲጀምር መንግሥት ጤፍና ሌሎች እህሎች ወደ ውጭ እንዳይላኩ ከለከለ። ዋጋው ግን መውጣቱን አላቆመም። በሐምሌ 2000 ዓ.ም. አጠቃላይ የዋጋ ግሽበት ከዓመት በፊት ከነበረው ጋር ሲነጻጸር ከ60 በመቶ በላይ ደረሰ፤ የምግቡ ከዚህም የባሰ ነበር። በዚያን ጊዜ በዓለም ገበያ እህልና ነዳጅ መወደዳቸው እውነት ነው። ነገር ግን በአገር ውስጥ የሚዘዋወረው ብር ከምርቱ በላይ መብዛቱም እውነት ነው። ይህን ማመን የከበደው መንግሥት ጥፋቱን «ስግብግብ ነጋዴ» ላይ ጣለ።

በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ደግሞ እንደ ስኳር፣ ዘይትና ሥጋ ባሉ መሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ተጣለ። የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ዋጋው በወረቀት ላይ ወረደ፤ ዕቃው ከመደርደሪያ ጠፋ። እናቶች ለአንድ ሊትር ዘይት ተሰለፉ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ መንግሥት ራሱ ያወጣውን ጣሪያ ለአብዛኞቹ ሸቀጦች አነሣ።

ትምህርቱ ግን አልተወሰደም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በቀጣዩ ጊዜ ዕቃ ለመተካት ዕጥፍ ብር የሚያስፈልገው ነጋዴ ዋጋ ሲጨምር ሱቁ ታሸገበት። ዋጋ ደብቆ የሚያከማች፣ ሚዛን የሚሰርቅ፣ ባዕድ ነገር የሚቀላቅል ነጋዴ በሕግ ይጠየቅ፤ በዚህ አንደራደርም። ነገር ግን የብሩን አቅም ያዳከመ ውሳኔ የወሰነው ወገን፣ የውሳኔውን ውጤት በመለዋወጫ ሻጩና በእህል ነጋዴው ላይ ሲያላክክ ዝም ብለን አናይም።

ሰሊጥ ተሸጦ ጎማ ሲወደድ

ሶማሌ ተራንና እርሻን የሚያገናኝ ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያየውም። ምንዛሪው ከመለቀቁ በፊት ባንክ ዶላር የሚያገኘው ከብዙ ወረፋ በኋላ ነበር። ዶላር ማግኛ አቋራጩ መንገድ ኤክስፖርት ማድረግ ነበር። ስለዚህ ዓላማቸው መኪና፣ ብረት ወይም መለዋወጫ ማስገባት የነበረ ነጋዴዎች ሰሊጥና ቦሎቄ ላኪ ሆኑ። ሰሊጡን በአገር ውስጥ ከዓለም ዋጋ በላይ እየገዙ ወደ ውጭ በኪሳራ ይልካሉ፤ ባገኙት ዶላር ዕቃ አስገብተው ኪሳራውን ከዕቃው ገዢ ላይ ያካክሳሉ። የሰሊጡ ኪሳራ በመጨረሻ የተከፈለው ጎማ ከሶማሌ ተራ በሚገዛው ባለ መኪና፣ በእሱም በኩል እንጀራ በሚገዛው ከተሜ ነው። በእርሻ ምርት ብቻ የሚነግደው እውነተኛው ላኪ ደግሞ ከገበያ ተገፋ።

የሁመራና የመተማ ሰሊጥ በጥሬው ተጭኖ ወደ ቻይናና ወደ እስራኤል ይሄዳል። እኛ ደግሞ ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ በመጣ የፓልም ዘይት ወጥ እንሠራለን። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. መንግሥት ስንዴ ወደ ውጭ መላክ ጀመርሁ ብሎ በይፋ ሲያበስር፣ በአዲስ አበባ በዚያው ሰሞን ጤፍ ጠፍቶ ዋጋው በአጭር ጊዜ ውስጥ ተተኩሶ ነበር። እኛ ስንዴ መላክን በመርህ አንቃወምም። በበጋ መስኖ ስንዴ ማምረትም የሚደገፍ ሥራ ነው። የምንቃወመው የገበያውን ሁኔታ ሳያዩ ለፖለቲካ ድግስ ሲሉ መላክን፣ ለፖለቲካ ፍርሃት ሲሉ ደግሞ በአንድ ሌሊት ደብዳቤ መዝጋትን ነው።

ኬላው፣ ማዳበሪያውና ሰላሙ

በ1982 ዓ.ም. ተነሥቶ የነበረው ኬላ ባለፉት ዓመታት በሌላ ስም ተመልሷል። በአንዱ ቦታ የወረዳ፣ በሌላው የክልል፣ በሌላው ደግሞ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ገመድ ተዘርግቷል። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ መኪና 50 ኩንታል ጭኖ በስድስት ቦታ አንድ አንድ ሺህ ብር ቢጠየቅ 6,000 ብር ይሆናል። ይህም በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ 120 ብር ጨመረ ማለት ነው። መኪናው ቆሞ ያደረበት ቀን፣ የጫኝና አውራጅ ክፍያ፣ ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ድጎማው እየተነሣ የናረው ናፍጣ ገና አልተቆጠረም። ይህ ምሳሌ ነው፤ ሾፌሮችን ብትጠይቁ ግን ከዚህ የከፋውን ይነግሯችኋል።

በዚሁ የጎጃም መንገድ ላይ ሾፌሮችና ተሳፋሪዎች ታግተው ገንዘብ ተጠይቆባቸዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተካሄደው ጦርነት መንገዶች ደጋግመው ተዘግተዋል። ሕይወቱን አስይዞ የሚነዳ ሾፌር የሚጠይቀው ኪራይ ሰላም ባለበት አገር ከሚጠየቀው ጋር አንድ ሊሆን አይችልም። ሰላም የእንጀራ ዋጋ ጉዳይም ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ማዳበሪያን በተመለከተ፣ ንግዱ ለግል ነጋዴ ተከፍቷል ከተባለ በኋላ እንደ አምባሰል፣ ጉናና ዲንሾ ያሉ ከገዢው ፓርቲ ጋር የተሳሰሩ ኩባንያዎች ገበያውን ያዙት፤ ሌላው የግል አስመጪ እየተገፋ ወጣ። በኋላም ሥራው በመንግሥት ድርጅትና በዩኒየኖች እጅ ተጠቃለለ። አንድ በር ብቻ ያለው ቤት በሩ ሲዘጋ መውጫ የለውም። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ዘር የሚዘራበት ቀን እያለፈባቸው ማዳበሪያ ያጡ የአማራ ክልል ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ ሄደው አቤት አሉ። በዚያ ክረምት ማዳበሪያ ያላገኘ ማሳ በተከታዩ ዓመት በመርካቶ ሚዛን ላይ ጎድሎ ይታያል።

ምን እናደርጋለን?

ፓርቲያችን ብትመርጡት የሚከተሉትን ተግባራዊ ያደርጋል።

1ኛ. በሕግ ከተፈቀደው የፀጥታ ፍተሻ በስተቀር እህል በጫነ መኪና ላይ ከክልል ክልል የሚደረግ ማንኛውንም ክልከላና ክፍያ በአዋጅ እናስቀራለን። ወረዳዎች በዚህ የሚያጡት ሕጋዊ ገቢ ካለ ከፌዴራል በጀት እንተካለን።

2ኛ. ለጭነት መኪና ጎማና ዋና ዋና መለዋወጫዎች የሚከፈለውን ቀረጥ እንቀንሳለን። እነዚህ ዕቃዎች የቅንጦት አይደሉም፤ የእህል ማጓጓዣ መሣሪያ ናቸው።

3ኛ. የማዳበሪያ ግዢን ለዩኒየኖችና ለግል አስመጪዎች በእኩል ውድድር እንከፍታለን። ለገበሬው የሚሰጠው ድጎማ በአስመጪው በኩል ሳይሆን በቀጥታ በገበሬው እጅ እንዲደርስ እናደርጋለን።

4ኛ. የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓትን ከወረቀት ወደ ወረዳ እናወርዳለን። ገበሬው በታኅሣሥና በጥር ዕዳ አስጨንቆት በርካሽ ከመሸጥ ይልቅ እህሉን አስቀምጦ በደረሰኙ ብድር ያገኛል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የመጠቀም መብትን ለብድር ማስያዝ ፈቅዷል፤ ይህ ፈቃድ ባንክ ቤት ውስጥ እንዲሠራ እናደርጋለን።

5ኛ. የመጠባበቂያ እህል ክምችት በመኸር ወቅት ከአገር ገበሬ ይገዛል፤ በክረምት ዋጋ ሲወጣ ለገበያ ይለቀቃል። የሚገዛበትና የሚለቀቅበት ዋጋ አስቀድሞ በይፋ ይነገራል።

6ኛ. እህል ወደ ውጭ የሚላክበትና የሚታገድበት ሁኔታ በፓርላማ በወጣ ሕግ ይወሰናል። የቅባት እህል አገር ውስጥ ተጨምቆ እንዲሸጥ ለጨማቂዎች ብድርና መብራት ቅድሚያ ይሰጣል።

7ኛ. ለደሃው የከተማ ነዋሪ የሚደረገው ድጋፍ ይቀጥላል። በ1999 ዓ.ም. በቀበሌ እንደተጀመረው የስንዴ ሽያጭ ለሚተዋወቅ የሚደርስ ሳይሆን፣ ስሙ በግልጽ ለተመዘገበ ችግረኛ ቤተሰብ በእጁ የሚሰጥ ይሆናል።

ቃል የማንገባውን ደግሞ እንንገራችሁ። «በመጀመሪያው ወር የጤፍን ዋጋ በግማሽ እናወርዳለን» አንልም። ይህን ማለት ለእኛም ይቀል ነበር፤ ድምፅም ያስገኝ ይሆናል። ነገር ግን ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ዓይነት ተስፋ ሕዝባችን ጠግቧል። የብርን አቅም ለመመለስ፣ መንገዱን ለማስከበር፣ መጋዘን ለመሥራት ጊዜ ይጠይቃል። ኬላ ማንሣት፣ ቀረጥ መቀነስ፣ የማዳበሪያን በር መክፈት ግን የፖለቲካ ውሳኔ ብቻ ነው የሚፈልገው። እነዚህን በመጀመሪያው ዓመት ካላደረግን ጠይቁን።

የተከበራችሁ መራጮች፣

ካድሬው ወደ ገጠር ሲሄድ «ከተሜው እየበዘበዘህ ነው» ይላል። ከተማ ሲመጣ «ነጋዴው እየበዘበዘህ ነው» ይላል። መርካቶ ሲገባ ደግሞ ደረሰኝ አምጣ ብሎ ሱቅ ያሽጋል። በዚህ መካከል ገበሬው፣ ሾፌሩ፣ መለዋወጫ ሻጩ፣ እህል ነጋዴው፣ ጫኝና አውራጁ፣ እንጀራ ጋጋሪዋና እናንተ አንዱ በሌላው ላይ እንዲያጉረመርም ተደርጓል። እውነቱ ግን ሁላችሁም በአንድ መንገድ ላይ ናችሁ፤ መንገዱ ሲዘጋ ሁላችሁም ትራባላችሁ፣ ሲከፈት ሁላችሁም ትጠቀማላችሁ።

ድምፃችሁን ስትሰጡ በማግሥቱ ገበያ ስትወጡ የምትከፍሉትን ዋጋ አስቡ። ገበሬውን ሳይጎዳ ከተሜውን የሚመግብ፣ ነጋዴውን ሳያሳድድ ሌባውን የሚቀጣ መንግሥት ማቋቋም ይቻላል። የምርጫ ካርዳችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ምረጡን፤ ከመረጣችሁንም በኋላ ተቆጣጠሩን።